የማዳም ኤሌኒ ቅጠል

ባለፈው ኅዳር የባንክ ደብተሬን ላሳድስ ዲላ መሀል ከተማ ካለ አንድ ባንክ ገብቼ ወረፋ ስጠብቅ፣ መስኮቱ ሥር በነጭ ማሰሮ የቆመ ተክል አየሁ። ቅጠሉ እንደ ጋሻ ሰፊ፣ ጥቁር ሊባል የደረሰ አረንጓዴ፣ ደም ሥሮቹ ነጭ ናቸው። ተነሥቼ ሄድኩና ጫፉን በሁለት ጣቴ ያዝ አደረግኩት። ቀዝቃዛ ነበር፤ አቧራም ጠጥቷል። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቁን እየዋጠ፣ «እማማ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው» አለኝ።

ፕላስቲክ መሆኑንማ ሳልነካውም አውቄያለሁ። ያንን ተክል የሚያውቅ ሰው መስኮት ሥር ፀሐይ ፊት አያቆመውም፤ ቢያቆመው በሳምንቱ ቅጠሉ ተቃጥሎ ያየዋል። ይህን ለጥበቃው ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት፤ አርባ ዓመት ያስተማረ ሰው ሁሉን ነገር ለሁሉ ሰው ማስረዳት ይወዳል፣ ሰው ግን ሁልጊዜ ጊዜ የለውም። ተራዬ ደረሰ፣ ጉዳዬን ጨረስኩ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ የማስበው ግን ከሃምሳ ዓመት በፊት እዚሁ ዲላ ስለነበረችው ስለ እውነተኛዋ ነበር። ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ተክሏም የእኔ አልነበረችም።

ከማሠልጠኛ እንደወጣሁ የቤት አያያዝ መምህርት ሆኜ ነበር ዲላ የተመደብኩት። ከአዲስ አበባ ተነሥተን ሻሸመኔ አድረን፣ በማግስቱ ከይርጋለም በኋላ መንገዱ እየጠበበ፣ አረንጓዴው እየበዛ መጣ። አውቶቡሱ በቆመበት ሁሉ ሻጮች አናናስ በጭራሮ ቅርጫት ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱን ገዝቼ ጭማቂው እስከ ክርኔ እየወረደ በላሁ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ጫካ ነው ብዬ ነበር። ረጃጅም ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ በእንሰቱ መሀል ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ጎደሬ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሰው ቤት ጭስ ብቻ ብቅ ይላል። ጫካ ሳይሆን ጓሮ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ተክል በሰው እጅ እንደተተከለ የተረዳሁት ቆይቼ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ጓሮ የሚለው በረድፍ የተተከለውን ብቻ ነው።

ብቻዋን ለመጣች ወጣት ሴት በዚያ ዘመን ቤት መከራየት ቀላል አልነበረም። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር አንድ ክፍል ያገኙልኝ ሙሴ ያኒ ግቢ ውስጥ ነው። ሙሴ ያኒ ቡና ገዢ ግሪክ ነበሩ፤ ስልሳ ያለፋቸው፣ ሱሪያቸውን በትከሻ ማንገቻ የሚይዙ፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ጀምሮ አገራችን የኖሩ ሰው። አማርኛቸው እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሴትና ወንድ ግን አይለዩም፤ እኔን «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። ባለቤታቸው ማዳም ኤሌኒ እኔ ከመምጣቴ ከአንድ ዓመት በፊት ሞተዋል። ልጅ የላቸውም።

ተክሏን የተዉላቸው ማዳም ናቸው። የማዳም ወንድም መርከበኛ ስለነበር ከሩቅ ምሥራቅ፣ ቀን ከሌት ከሚዘንብበት የደሴት ደን፣ በጭድ የተጠቀለለ ትንሽ ሥር ልኮላቸው ነበር። በአገሩ ሁሉ እንደሷ ያለች አልነበረችም ይባላል፤ ይህን የመረመረ ሰው አለ ማለቴ አይደለም። የቆመችው በረንዳው ጥግ፣ ፀሐይ በማይደርስበት በኩል በሸክላ ማሰሮ ነው። ቅጠሎቿ አምስት ነበሩ። አዲስ ሲወጣ አሮጌው ይለቅቃል፣ ከአምስት አይበልጡም። ፊታቸው ከፈይ ነው፤ በጣት ብትዳብሰው የጣትህ መንገድ ይታያል። ጀርባቸው የመዳብ መልክ አለው። ሙሴ ያኒ ቅዳሜ ቅዳሜ መነጽራቸውን አድርገው፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ያብሳሉ፤ ማዳም እንደዚያ ያደርጉ ስለነበር። በሳምንቱ ሌሎች ቀናት ቡና አቅራቢ ላይ ሲጮኹ ድምፃቸው ከዋናው መንገድ ይሰማ ነበር። ቅዳሜ ሲያብሱ ግን ሲተነፍሱ እንኳ አይሰሙም።

በግቢው ውስጥ ሌላው ሰው ጅግሶ ነበር። ዛሬ ጋሽ ጅግሶ ብዬ ነው የማስበው፤ ያኔ ግን በአባቴ ዕድሜ ያለውን ሰው በስሙ፣ «አንተ» እያልኩ እጠራው ነበር፣ ይህም ለማንም ነውር አልነበረም። ከዲላ በላይ ካለው ደጋ፣ የቡሌ ሰው ነው፤ ጌዴኦ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሴ ያኒን አገልግሏል። ከግቢው ጀርባ ያለውን ሰፊ የእንሰት ጓሮ የተከለው እሱ ነው፤ ከዚያው ዳር ጎጆ ሠርቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖራል። ትልቋ ልጁ አስቴር አራተኛ ክፍል ነበረች፤ ጥልፍ የማስተምራት እኔ ነኝ። መርፌ አያያዟ ከእኔ ይሻል ነበር።

ጅግሶ ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠጣል፣ ይኮተኩታል፤ የማዳምን ተክል ግን አይነካም። ተክሏ በመጣች ሰሞን «ይኼ የጎደሬ ዘመድ ናት» ብሎ ፍግ አምጥቶ ሊጨምርባት ሲል ማዳም ደርሰው ጮኹበት። ከመርከብ የወረደ ተክል እንዴት ከጎደሬ ይቆጠራል ተብሎ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ውሃ ይዞ በረንዳው ላይ እንዳይወጣ ተከለከለ። ኋላ መጽሐፍ አገላብጬ እንዳየሁት ተክሏ በእርግጥም የጎደሬ ዘመድ ነች።

በዚያ ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ ሙሴ ያኒ ለኩላሊታቸው ሕመም አገራቸው ሄደው ሊታከሙ ሆነ። እስከ ሐምሌ አይመለሱም። ተክሏን ለእኔ አደራ ሰጡ፤ ማንበብና መጻፍ ስለምችል። እኔ ደግሞ ከእሳቸው የምፈልገው ነገር ነበረኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ትምህርቴን መቀጠል እሻ ነበር፤ ለዚያ ከከተማው የታወቀ ሰው ስለ ጠባዬ የሚመሰክር ደብዳቤ ያስፈልገኛል፤ ሙሴ ያኒ በትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ውስጥ ስላሉ የእሳቸውን የሚያህል ደብዳቤ አልነበረም። ስጠይቃቸው፣ «ስመለስ እጽፍልሃለሁ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ተክሏ ላይ ነበር። የተባባልነው ነገር የለም። ሁለታችንም ግን ገብቶናል።

ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ምሽት የአያያዙን ሥርዓት እየነገሩኝ በደብተር ጻፍኩ። ሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ጣሳ ውሃ። ውሃው ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ቅዳሜ ቅጠል ማበስ። ማሰሮውን በወር አንድ ጊዜ ሩብ ዙር ማዞር። በበነጋው ሥርዓቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ በአራት ምስማር ግድግዳው ላይ መታሁት፤ ከጎኑ ሌላ ወረቀት ላይ ቀኑን አስምሬ በሠራሁ ቁጥር ምልክት አደርጋለሁ። ያንን ወረቀት እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። አዲስ አስተማሪ የትምህርት ዕቅዷን እንደምትወድ ነው።

በጋውን ሁሉ ነገሩ በወረቀቱ መሠረት ሄደ። በየካቲት አሮጌው ሳይለቅቅ ስድስተኛ ቅጠል እንደ ተጠቀለለ ጃንጥላ ብቅ ብሎ በአሥር ቀን ተዘረጋ። ሲዘረጋ መልኩ ቀላ ያለ መዳብ ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጠቆረ። ኩራቴ ለከት አልነበረውም፤ ሌሎች መምህራን ጠርቼ አሳየሁ።

መጋቢት ላይ ዝናቡ ገባ። የዲላን የበልግ ዝናብ የማያውቅ ሰው ጨው በብልቃጥ ውስጥ ውሃ ሲሆን፣ ጫማ አልጋ ሥር ሻጋታ ሲያበቅል አላየም። አየሩ ራሱ ይጠጣል። እኔ ሰኞና ሐሙስ ጣሳዬን ይዤ እወጣለሁ። አንድ ሐሙስ ጅግሶ ከታች ከግቢው ቆሞ አየኝና፣ «መምህርት፣ ይበቃዋል። ውሃ ጠግቧል» አለኝ።

«ወረቀቱ ላይ ሰኞና ሐሙስ ነው የሚለው» አልኩት።

«ወረቀቱ ዝናብ አይቷል?»

ሳቅኩና ጣሳዬን ገለበጥኩ። ምልክቴንም አደረግኩ።

ለፋሲካ ሦስት ቅጠል ብጫ ሆኖ ወደቀ፣ አንዱ ደግሞ አንገቱን ደፋ። ሥርዓቱን ያጓደልኩ መስሎኝ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብኩ፤ ያጓደልኩት የለም። ማሰሮው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳሸት የረጋ ውሃ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ያን ቀን ክፍሌን ዘግቼ አለቀስኩ። ለተክሏ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ለደብዳቤው ይመስለኛል።

ሁለት ቅጠል ብቻ ሲቀር ጅግሶን ጠራሁት። የበረንዳው ደረጃ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ማዳም ከልክላለች» አለ።

«ማዳም ሞተዋል እኮ።»

«ብትሞትም ከልክላለች።»

እኔ እንደፈቀድኩ ነግሬ፣ እጁን ይዤ ማለት ይቻላል፣ አወጣሁት። ማሰሮውን አዘንብሎ አፈሩን በመዳፉ ተቀበለ። ሥሮቿ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነዋል፤ ሲነካቸው ይለቅቃሉ። ከመሀል ግን ሎሚ የምታህል፣ በእንሰት ቢሆን አሚቾ የሚባለው ከመሬት ሥር ያለ ወፍራም ክፍል፣ ጠንካራ ሆና ወጣች። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ሞከራት። «ይኼ ደህና ናት» አለ።

ከዚያም እንሰት እንዴት እንደሚያራቡ ነገረኝ። እንሰት ዘር ጥሎ አይደለም የሚበዛው። ሁለት ሦስት ዓመት የሆነውን እንሰት ይነቅሉታል፣ አናቱን ይቆርጣሉ፣ መሀሉን፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበትን ልቡን፣ ፈልፍለው ያወጣሉ። የቀረውን ከፍለው በፍግና በበሰበሰ ቅጠል ይቀብሩታል። ልቡ እስካለ ድረስ እንሰት ወደ ላይ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ልቡ ሲወጣ ግን ከጎኑ፣ ከየጥጉ ችግኝ ይወጣል፣ አንዱ ሠላሳ አርባ ይሆናል። «እሷም እንደዚያ ናት» አለ።

«እነዚህ ሁለቱ ቅጠሎችስ?»

«ይቆረጣል።»

ሁለት ቀን አሰብኩ። ባለችበት ብተዋት ምናልባት ሁለት ሳምንት ቆማ ትታያለች። ብትቆረጥ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚታይ ነገር የለም፤ ሙሴ ያኒ የሚያገኙት ባዶ ማሰሮ ነው። በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ አንዱ ቅጠል ወደቀ። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ጓሮ ሄጄ እንዲጀምር ነገርኩት። ቢላውን አምጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ፣ አልጀመረም ግን።

«እኛ ጋ የሰው እንሰት ባለቤቱ ሳይል አይቆረጥም» አለኝ። «ባለቤቱ የለም። አደራው አንቺ ጋ ነው። አንቺ በይ።»

«ቁረጥ» አልኩ።

«ቁረጥ አልሽ?»

«አዎ።»

«በይ እንደገና በይ። ሦስት ጊዜ ነው።»

ሁለተኛ አልኩ። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ነበር ያልኩት፤ አስቴር ከጎጆው በር ብቅ ብላ አየችን። ከዚያ በኋላ ነው ቢላዋው የወረደው። ጭማቂዋ እጁን አሳከከው፤ እያከከ፣ «ጎደሬ» አለና ፈገግ አለ፤ ከማዳም ጋር የነበረበትን ክርክር በስተመጨረሻ ያሸነፈ ይመስል ነበር። ልቧን በቢላዋው ጫፍ አወጣ፣ የቀረውን አራት ቦታ ከፈለ፣ ከትልቁ እንሰት ሥር በደረቀ ፍግና በበሰበሰ ቅጠል ቀብሮ በኮባ አለበሳት። «ውሃ አታጠጪ» አለኝ። ወረቀቱን ከግድግዳው አወረድኩት።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ጓሮ ሄጄ ኮባውን ገለጥ እያደረግኩ አያለሁ። ምንም የለም። አንድ ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት፣ ምንም። ጅግሶ እንሰትም ሁለት ሦስት ወር ይወስዳል እያለ ያጽናናኝ ነበር። እኔ የቆጠርኩት እስከ ሐምሌ ነው፤ ጊዜ አለን ብዬ።

ሙሴ ያኒ ግን በሰኔ መጀመሪያ መጡ። ሐኪሞቹ ቢላዋ አያስፈልግም ብለው በመድኃኒት መልሰዋቸዋል። ከላንድሮቨሩ ወርደው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቀጥታ ወደ በረንዳው ወጡ። ማሰሮውን አጥቤ ገልብጬው ነበር።

«የት ነው ያለው?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ፤ ጅግሶ ከጓሮ እጁን እየጠረገ ሲመጣ አይቼ መልሼ ዘጋሁት። እሱ ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ሥር ቆመ።

«ሙሴ፣ እንኳን ደህና ገባህ። ሥሯ በሰበሰ። ልቧን አውጥቼ እንሰት ሥር ቀበርኩ። ትወልዳለች» አላቸው።

በእንሰት መሀል ያላደገ ሰው ይህን ንግግር እንዴት እንደሚሰማው አስቡ። ሚስቱን በቀበረ በሁለተኛ ዓመቱ ደግሞ። የሙሴ ያኒ ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ከዚያ ቀላ። «ማነው የፈቀደልህ?» አሉ። አልጮኹም፤ እንደ ቅዳሜው ድምፅ ነበር።

ጅግሶ ዓይኑን ማሰሮው ላይ አሳረፈ። ወደ እኔ አላየም። እኔ ጫማዬን አየሁ። በቂ ጊዜ ነበረኝ፤ አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ መናገር የሚያስችል ጊዜ ነበር። በመንገዱ የጭነት መኪና መጥቶ አለፈ፣ ድምፁም ራቀ፣ ጠፋም።

«የቆረጥኩ እኔ ነኝ» አለ ጅግሶ።

እሱ ውሸት አልተናገረም። እኔም ምንም አልተናገርኩም።

እስከ ቅዳሜ ግቢውን እንዲለቅ ተነገረው። አርብ ዕለት አስቴር ክፍሌ መጣች፤ የትምህርት ቤቱን መርፌና ክር በጨርቅ ጠቅልላ መለሰችልኝ። ጥልፉ ገና አላለቀም ነበር። ቆጥሬ ተቀበልኳትና «ጎበዝ» አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ዕቃቸውን በሁለት አህያ ጭነው ወደ ቡሌ ሲወጡ በመስኮቴ አየሁ።

ለራሴ የነገርኩት ምክንያት ብዙ ነበር። እሱ ወንድ ነው፣ ዘመድ አለው፣ ቡሌ የአባቱ መሬት አለ። እኔ ብቻዬን ያለሁ ሴት ነኝ፤ ከዚህ ግቢ ብባረር ማን ክፍል ይሰጠኛል፣ ደብዳቤውስ? ደግሞም ማንም አልጠየቀኝም። ሙሴ ያኒ የጠየቁት እሱን ነው። ይህንን የመጨረሻውን ብዙ ጊዜ ደጋግሜዋለሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐምሌ በገባ ሰሞን፣ ኮባው ሥር ጫፉ ቀላ ያለ ሦስት ነገር አየሁ። በማግስቱ አምስት ሆኑ፣ በሳምንቱ ስድስት። ሮጬ ነገርኳቸው። በነጠላ ጫማ ጭቃውን እያቋረጡ መጥተው ተንበረከኩ፤ የመጀመሪያው ቅጠል ተዘርግቶ አገኙት፤ ከፈይ፣ ነጭ ደም ሥር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማይበልጥ። አለቀሱ። ትልቅ ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጅግሶ ገደለው፣ አንተ አዳንከው» አሉኝ።

ይኸው ሁለተኛ ዕድል ተሰጠኝ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀላል የሆነ። ደስ ብሏቸዋል፣ ተክሏ ድናለች፣ ማንም አይቆጣም። ጅግሶን አስመጥተው ይቅርታ ሊጠይቁት ሁሉ ይችሉ ነበር። እኔም አንገቴን ደፋ አድርጌ፣ «እግዚአብሔር ነው» አልኩ።

ደብዳቤው በዚያው ሳምንት ተጻፈ። ቢሮአቸው ባለው የጽሕፈት መኪና አጻፉት፤ ለአደራ የምትበቃ፣ ቃሏን የምትጠብቅ መምህርት መሆኔን ይገልጻል። ለእኔም ከስድስቱ ችግኝ አንዱን በቲማቲም ጣሳ አድርገው ሰጡኝ።

ያንን ጣሳ ይዤ ነው በነሐሴ ቡሌ የወጣሁት። እስከ መንገዱ አጋማሽ በጭነት መኪና፣ የቀረውን በእግሬ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ቡናው እየሳሳ ሄዶ ይጠፋል፣ ቀርከሃ ይጀምራል፣ ጉሙ ልብስ ውስጥ ይገባል። ጫማዬ በጭቃ ከብዶ እግሬን ማንሣት አቅቶኝ ነበር። ሰው እየጠየቅኩ ስደርስ ጅግሶ ከወንድሙ ቤት ደጅ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ለአጥር ያዘጋጃል። ሲያየኝ አልደነቀውም፣ ቤት አስገባኝ። አስቴር እጄን አስታጠበችኝ። ቁመቷ ጨምሯል።

«ትምህርትሽስ?» አልኳት።

«ሩቅ ነው፣ ቲቸር» አለች፤ ውሃውን ይዛ ወጣች።

ትኩስ ቆጮ ከጎመንና ከቅቤ ጋር ቀረበልኝ። ርቦኝ ስለነበር በላሁ፤ ጣፋጭ ነበር፤ ይህንንም ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ከበላን በኋላ ጣሳውን ከዘንቢሌ አወጣሁና መሬት ላይ፣ ከፊቱ አስቀመጥኩ።

«ወልዳለች። ስድስት ናቸው። እርስዎ እንዳሉት ነው የሆነው» አልኩት። እርስዎ ስለው ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። «ይህቺን ለእርስዎ ነው ያመጣኋት።»

ጅግሶ ጣሳውን አንሥቶ ወደ በሩ ብርሃን ዞረ። ቅጠሏን አልነካም፤ ሥሯን ነው ያየው። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ አልደበቀውም።

«ሙሴ ነው የሰጠሽ?»

«አዎ።»

«ለምን ሰጠሽ?»

የመጣሁት ይህንን እንዲጠይቀኝ ነው፤ የመጣሁት ይህንን ልመልስ ነው። መንገዱን ሁሉ ቃሉን እያዘጋጀሁ ነበር የወጣሁት። አሁን ግን ስላዳንኳት ነው የሰጡኝ ብል የእሱን ሥራ ለራሴ ማድረጌን ይሰማል፤ ሌላ ምክንያት ደግሞ የለም። ዘንቢሌን ወደ ጎኔ ሳብኩ። እሱም ጠበቀ። ከሙሴ ያኒ ፊት የጠበቀኝን ያህል ጠበቀኝ።

ከዚያ ጣሳውን በሁለት እጁ መልሶ ሰጠኝ።

«እዚህ ብርድ ነው» አለ። «አትኖርም፣ ትሞታለች። መልሰሽ ውሰጂ።»

ብርድ መሆኑ እውነት ነው። ሌላም ነገር ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኝ፣ ጭቃው በበዛበት ቦታ እጄን ይዞ አሻገረኝ። ደህና ሁኚ ብሎ ተመለሰ።

በመስከረም ደብዳቤውን ይዤ አዲስ አበባ ገባሁ። ደብዳቤው ሥራውን ሠራ፤ ተማርኩ፣ ተሾምኩ፣ ከጅማ እስከ ደሴ አስተማርኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሙሴ ያኒ አብዮቱ በፈነዳ ማግስት አገራቸው ገቡ፣ እዚያው ሞቱ። የእኔ ችግኝ አደገች። በየአራት በየአምስት ዓመቱ ልቧን አውጥቼ እየከፈልኩ አበዛኋት፣ በሠራሁበት ከተማ ሁሉ ለወዳጅ ሰጠሁ። ችግኝ የወሰደ ሰው ሁሉ ታሪኩን ሳልነግረው አይሄድም። ወረቀቱ ዝናብ አይቷል ወይ የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ይስቃል። ትምህርት የቆጠርን ሰዎች ከገበሬ ብዙ እንማራለን ብዬ በስድስቱ ችግኝ እጨርሳለሁ። ታሪኩ ውሸት የለበትም። ቀደም ብሎ ያልቃል እንጂ።

ቀሪውን ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድፍረት አድርጎ የሚቆጥርልኝ አንባቢ ካለ ግን እንዳይሳሳት እፈራለሁ። ዛሬ ብናገር ከክፍሌ የሚያስወጣኝ የለም፣ ደብዳቤዬን የሚነጥቀኝ የለም፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ቃል ምንም አያስከፍልም። ዋጋ የነበረው እዚያ በረንዳ ላይ፣ መኪናው አልፎ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ነው።

ጋሽ ጅግሶ ከብዙ ዓመት በፊት ማረፉን ሰምቻለሁ። አስቴር ግን አለች ይላሉ፤ ልጆች ድራለች፣ የልጅ ልጅ አይታለች፤ እዚያው ቡሌ ናት። መንገዱ ዛሬ እንደዚያን ጊዜው አይደለም፤ በእግር መውጣት ቀርቷል፣ ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያው መኪና አለ። ጡረታ ወጥቼ ዲላ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።